ከሐረጎ በፊት ሜዳው፦ የጭን ጀርባ ጡንቻው የተጎዳ ብስክሌተኛ እንዴት ያገግማል?

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሚኒባስ አጭር መንገድ ነው፤ ለብስክሌተኛ ግን መሀሉ ላይ ሐረጎ የሚባለው ዳገት አለ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚገኙ፣ ፔዳል እየረገጠ ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ በገዛ እግሩ ጉልበት ይወጣል። ይህን መንገድ የለመደ ሰው የጭኑ ጀርባ ጡንቻ ሲጎዳበት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «መቼ ነው እንደገና ደሴ የምወጣው?» ብሎ ነው።

መልሱ ሁለት ነገሮችን በመረዳት ላይ የቆመ ነው። አንደኛ፣ ጡንቻውን የሚያድነው አልጋ ላይ መዋል አይደለም፤ በልክ የተመጠነ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ሕመሙ የሚጠፋው ጡንቻው ጥንካሬውን ከመመለሱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ብዙ ሰው ግን ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ እግሩን ማንቀሳቀስ በሚገባው ሳምንት ይተኛል፣ መታገሥ በሚገባው ሳምንት ደግሞ ዳገት ይወጣል። ጉዳቱ እየተመላለሰ የሚያስቸግረውም በዚህ ምክንያት ነው።

የትኛው ጡንቻ ነው?

የጭን ጀርባ ጡንቻ ሲባል አንድ ይመስላል እንጂ ሦስት ጡንቻዎች ናቸው። ሦስቱም ስንቀመጥ ወንበሩ ላይ ከሚያርፈው የመቀመጫ አጥንት ይነሳሉ፤ በጭን ጀርባ ወርደው ጉልበትን ያልፉና ከጉልበት በታች ካለው አጥንት ጋር ይያያዛሉ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን መሬት ላይ ተጭነው ወደኋላ ለመሳብ ቢሞክሩ ከጉልበትዎ ጀርባ በግራና በቀኝ እንደ ገመድ የሚወጠሩ ጅማቶች በእጅዎ ይዳሰሳሉ፤ የእነዚህ ጡንቻዎች የታችኛው ጫፍ እነሱ ናቸው። የስፖርት ሰዎች ሦስቱን በአንድ ላይ «ሀምስትሪንግ» ይሏቸዋል።

ሥራቸው ሁለት ነው፤ ጉልበትን ያጥፋሉ፣ ጭንን ደግሞ ከዳሌ ጀምሮ ወደኋላ ይገፋሉ። ሁለት መገጣጠሚያ የሚሻገሩ በመሆናቸው ሰው ጉልበቱን ሳያጥፍ ሲያጎነብስ ከላይም ከታችም ይወጠራሉ። ይህን ነጥብ ይያዙት፤ ስለ ኮርቻ ከፍታ፣ ስለ ስግደትም ሆነ ጡንቻን ስለ ማሳሳብ ወደፊት የምናነሳው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ፔዳል ቁልቁል ሲረገጥ ዋናውን ጉልበት የሚያወጡት የጭን የፊት ጡንቻዎችና የመቀመጫ ጡንቻዎች ናቸው። የጭን ጀርባ ጡንቻዎች በዚህ ግፊት ያግዛሉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ደግሞ ወደኋላ የሚስቡት እነሱ ናቸው። ሜዳ ላይ በቀላል ማርሽ ሲነዱ ድርሻቸው ትንሽ ነው። ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ እየተጎተቱ ሲወጡ ወይም ከኮርቻ ተነስተው ሲረግጡ ግን ጫናው ይበዛባቸዋል።

ብስክሌተኛ እንዴት ይጎዳል?

ብስክሌት በራሱ ይህን ጡንቻ በድንገት የሚበጥስ ስፖርት አይደለም። ድንገተኛ መበጠስ የሚመጣው ጡንቻው ተለጥጦ ሳለ በኃይል ሲሠራ ነው፤ ይህ ደግሞ የፈጣን ሩጫ ጠባይ ነው። ፔዳል ላይ ያለ እግር ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ስለዚህ ብዙ ብስክሌተኛ ጭኑን የሚጎዳው ከብስክሌቱ ወርዶ ነው፤ ቅዳሜ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወት፣ ሊሄድ ያለ ሚኒባስ ሲያሳድድ፣ ወይም በክረምት ጭቃ ላይ አንድ እግሩ ወደፊት ሲንሸራተት። እግሩ ለብስክሌት ስለጠነከረ ለሩጫም የተዘጋጀ ይመስለዋል። አይደለም፤ ልብና ሳንባው ዝግጁ ቢሆኑም ጡንቻው በዚያ ርዝመትና ፍጥነት መሥራትን አልለመደም።

ሁለተኛው መንገድ ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። ሕመሙ መቀመጫ አጥንት አካባቢ፣ ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይሰማል። ለረጅም ሰዓት ሲቀመጡ፣ ወደፊት ሲያጎነብሱና ዳገት ሲወጡ ይብሳል። መነሻው ብዙውን ጊዜ በአጭር ጊዜ የተጨመረ ጫና ነው፤ ለወራት ብስክሌቱን ያልነካ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሐረጎን ቢወጣ ጅማቱ ይቆጣል።

ሦስተኛው ከጉልበት ጀርባ፣ በተለይ በውጪው በኩል የሚሰማ ሕመም ነው። እዚህ ጋ ከጡንቻው በፊት ብስክሌቱ ይመርመር። ኮርቻው ከሚገባው በላይ ከፍ ካለ ወይም በጣም ወደኋላ ከተሳበ፣ እግሩ ፔዳሉ ታች በደረሰ ቁጥር ከልክ በላይ ይዘረጋል። በአንድ ሰዓት ጉዞ ውስጥ ይህ በእያንዳንዱ እግር በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው?

ድንገተኛ ጉዳትን ሐኪሞች በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ደረጃ ጥቂት የጡንቻ ክሮች ብቻ ይጎዳሉ፤ ሰውየው ይራመዳል፣ ሲሮጥ ወይም ሲያጎነብስ ግን ያመዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። በሁለተኛው ደረጃ የጡንቻው ከፊል ይበጠሳል፤ ያነክሳል፣ ያብጣል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም የጭኑ ጀርባ ይበልዛል። ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። በሦስተኛው ደረጃ ጡንቻው ወይም ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ይበጠሳል፤ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ይወስዳል፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ቀስ ብሎ የመጣ የጅማት ሕመም ከእነዚህ ደረጃዎች ውጪ ነው፤ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ቢቆይ አይገርምም።

ብልዘቱ ወደ ጉልበትና ወደ ባት ቢወርድ አይደንግጡ፤ የፈሰሰው ደም በስበት ወደታች ስለሚሄድ ነው። ከሕመሙ ቦታ ርቆ መታየቱ ጉዳቱ እየሰፋ ነው ማለት አይደለም።

ሐኪም ዘንድ ሳይዘገዩ የሚያስኬዱ ምልክቶች ግን አሉ። «ጧ» የሚል ድምፅ ከተሰማና ሕመሙ መቀመጫ አጥንቱ ላይ ከሆነ፣ በእግሩ መቆም ካቃተ፣ በጭኑ ጀርባ ሲዳሰስ የጎደጎደ ቦታ ካለ፣ ወይም ብልዘቱ ሰፊ ከሆነ ጅማቱ ከአጥንቱ ተላቆ ሊሆን ይችላል። ይህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከታወቀ ለማከም ይቀላል፤ ከወራት በኋላ ግን ጅማቱ ወደታች ስለሚሸሽ ቀዶ ሕክምናው ይከብዳል። ዕድሜያቸው ገና በአሥራዎቹ ውስጥ ያሉ ልጆች ላይ ደግሞ ከጅማቱ ይልቅ ያልጠነከረው የአጥንት ጫፍ ሊነቀል ስለሚችል ራጅ መነሳት ያስፈልጋቸዋል።

ጭኑን ከጀርባ ያመመው ሁሉ ጡንቻው ተጎድቷል ማለት አይደለም። ሕመሙ ከወገብ ተነስቶ እስከ እግር ጣት የሚወርድ፣ የሚያቃጥል ወይም የሚያደነዝዝ ከሆነ ምንጩ ወገብ ላይ የተጨመቀ ነርቭ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ጋር ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ ወይም በመቀመጫ አካባቢ ያለው ቆዳ ከደነዘዘ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። ያለ ምንም አደጋ አንድ እግር፣ በተለይ ባቱ፣ አብጦ የሚሞቅ ከሆነም ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል መታሸት የለበትም፤ ቶሎ መመርመር አለበት።

በአካባቢው ከፍ ያለ ምርመራ ሲያስፈልግ ወደ ደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መላክ የተለመደ ነው። ለአብዛኛው ቀላል ጉዳት ግን ኤም አር አይ አያስፈልግም። ልምድ ያለው ባለሙያ ታሪኩን ጠይቆ፣ ጡንቻውን ዳስሶና እግሩን አንቀሳቅሶ ደረጃውን መገመት ይችላል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ዓላማው የደም መፍሰሱንና ሕመሙን መቀነስ ነው። ከሩጫ፣ ከብስክሌትና ጭኑን ከሚለጥጥ እንቅስቃሴ ይታቀቡ። ሰፊ የላስቲክ ፋሻ ሳይጠብቅ መጠቅለል ይረዳል፤ ጣቶች ከደነዘዙ ወይም ከቀዘቀዙ መፍታት ነው። ሲያርፉ እግሩን ትራስ ላይ ከፍ ያድርጉ። በረዶ ከተገኘ በጨርቅ ጠቅልሎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መያዝ ሕመም ያስታግሣል፤ ባይገኝ ግን የሚቀር ነገር የለም፣ ጡንቻውን የሚያድነው በረዶው አይደለምና። በእነዚህ ቀናት ሙቅ ውሃ መንከርም ሆነ በሚያቃጥል ቅባት ማሸት የደም መፍሰሱን ሊጨምር ስለሚችል ይቆይ።

እዚህ ላይ ወጌሻን ማንሳት ግድ ይላል። በወሎ እግሩን የተጎዳ ሰው ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚጠራለት ወጌሻ ነው፤ ብዙ ሰውም በእጃቸው ስለተረዳ ያከብራቸዋል። ይሁን እንጂ ትኩስ የተበጠሰ ጡንቻን በኃይል ማሸት የቆመውን ደም እንደገና ያስፈስሳል፤ አንዳንዴም በተጠራቀመው ደም ውስጥ አጥንት የሚመስል ጠጣር ነገር እንዲያድግ ምክንያት ይሆናል። አጥብቆ ማሰር ደግሞ የደም ዝውውርን ሊገታ ይችላል። ስለዚህ ወጌሻ ቢመጣም በመጀመሪያው ሳምንት እንዳያሽና አጥብቆ እንዳያስር በትሕትና መንገር ተገቢ ነው። «አባቴ፣ ለጊዜው ሐኪም እንዳይነካ ብሎኛል» ማለት ማንንም አያስቀይምም።

ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ዲክሎፌናክም ጥንቃቄ ይሻል። ሕመም ማስታገሻ ጡንቻውን አይጠግንም፤ የማስጠንቀቂያ ደወሉን ብቻ ያጠፋል። መርፌ ተወግቶ ብስክሌት ላይ መውጣት ከጉዳቶች ሁሉ የከፋውን መጋበዝ ነው። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ለሚያመው፣ በረመዳን ወይም በዐቢይ ጾም በባዶ ሆድ ለሚውጠው ደግሞ አደጋው ይጨምራል። ማስታገሻ ካስፈለገ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ሌላውን በሐኪም ምክር ብቻ።

ሕመሙ እስከፈቀደ ድረስ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀስ ብሎ መራመድ ጥሩ ነው። ማነከስ ካለ እርምጃውን ማሳጠር እንጂ አለመራመድ መፍትሔ አይሆንም።

ለምን ቶሎ መንቀሳቀስ?

በዴንማርክ 50 አማተር ስፖርተኞች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ይሰጣል። ሁሉም የጭን ወይም የባት ጡንቻቸው የተጎዳ ነበሩ። ግማሾቹ ማገገሚያ እንቅስቃሴውን ጉዳቱ በደረሰ በሁለተኛው ቀን፣ ግማሾቹ በዘጠነኛው ቀን ጀመሩ። ቀድመው የጀመሩት በመካከለኛ ቁጥር (ሚዲያን) ሲታይ በ62 ቀን ተኩል፣ የዘገዩት በ83 ቀን ወደ ስፖርታቸው ተመለሱ። አንድ ሳምንት ተጨማሪ ዕረፍት ሦስት ሳምንት ገደማ አስከፈለ ማለት ነው።

ምክንያቱ ጡንቻ በሚጠገንበት መንገድ ውስጥ አለ። ቁስሉን መጀመሪያ የሚሞላው ጠባሳ ክሮቹ በየአቅጣጫው የተዘበራረቁ ናቸው። ጡንቻው በልክ ሲሠራ ክሮቹ በጉተታው አቅጣጫ ይሰለፋሉ፣ ይጠነክራሉም። ሥራ ካላገኘ ጠባሳው ደካማና የማይለጠጥ ሆኖ ይቀራል፤ በዙሪያው ያለው ጤነኛ ጡንቻም በጥቂት ሳምንታት ይሰልላል።

የእንቅስቃሴው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። በስዊድን በ75 የእግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ጡንቻውን እያረዘሙ የሚያሠሩ እንቅስቃሴዎችን ከተለመዱት ጋር አነጻጽሮ፣ በመጀመሪያዎቹ ያገገሙት በአማካይ በ28 ቀን፣ በሁለተኛዎቹ ያገገሙት በ51 ቀን ወደ ልምምድ መግባታቸውን አሳይቷል። ለብስክሌተኛ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። ፔዳል መርገጥ ጡንቻውን በአጭር ርዝመት ብቻ ስለሚያሠራ፣ ብስክሌት ብቻውን የተሟላ ማገገሚያ ሊሆን አይችልም።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ማገገሚያ

እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የነበረበት ዓይነት ቡድን ሐኪምና ፊዚዮቴራፒስት አብሮት ይጓዛል። እርስዎ ምንጣፍ፣ ወንበርና ጀሪካን አለዎት፤ ለዚህ ሥራ ይበቃሉ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ማግኘት ከቻሉ ግን አንድ ሁለት ጊዜም ቢሆን እንቅስቃሴዎን ይዩልዎት።

መለኪያው ይህ ነው። ሕመምን ከዜሮ እስከ አሥር ቢመድቡት፣ በእንቅስቃሴ ጊዜ እስከ ሦስት የሚደርስ ሕመም አይጎዳም። በማግሥቱ ጠዋት ግን ከትናንቱ የባሰ መሆን የለበትም። ከባሰ አበዙት ማለት ነውና ወደ ቀደመው ደረጃ ይመለሱ።

የመጀመሪያው ደረጃ ጡንቻውን ሳያንቀሳቅሱ ማሠራት ነው። በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን በግማሽ አጥፈው ተረከዝዎን ወደ ወለሉ ይጫኑ። ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ይዘው ይልቀቁ፤ አምስት ጊዜ ይደጋግሙ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ።

ሁለተኛው ደረጃ መቀመጫን ከፍ ማድረግ ነው። በዚያው አተኛኘት ላይ ሆነው በሁለቱም እግር ተጭነው መቀመጫዎን ከወለሉ ያንሡና ቀስ ብለው ያውርዱ። አሥራ ሁለት ጊዜ ያለ ችግር ሦስት ዙር ከሠሩ ተረከዝዎን ትንሽ ትንሽ እያራቁ ይቀጥሉ፤ እግር በራቀ ቁጥር የጭን ጀርባ ጡንቻ ሥራ ይጨምራል። ቀጥሎ በአንድ እግር ይሥሩት።

ሦስተኛው ደረጃ ጡንቻውን እያረዘሙ ማሠራት ነው። ውሃ የያዘ ጀሪካን በሁለት እጅዎ ይያዙ፤ ጉልበትዎን ጥቂት ብቻ አጥፈው፣ ጀርባዎን ሳያጎብጡ፣ መቀመጫዎን ወደኋላ እየገፉ ጎንበስ ይበሉና ይመለሱ። በአምስት ሊትር ይጀምሩ፤ በየሳምንቱ ውሃውን ይጨምሩ። ለስላሳ ወለል ካለ ደግሞ ተረከዝዎን ጨርቅ ላይ አድርገው፣ መቀመጫዎን ከፍ እንዳደረጉ እግርዎን ቀስ ብለው ወደፊት ያንሸራትቱ። እነዚህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ ቀን እየዘለሉ ይሠራሉ።

ጡንቻን ማሳሳብ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ግን ኋላ የሚመጣ ነው። በትኩስ ጉዳት ላይ የተበጠሰውን ክር ይለያየዋል። ሕመሙ መቀመጫ አጥንት ላይ ከሆነ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ማሳሳብ ጅማቱን ከአጥንቱ ጋር እያጣበቀ ይጨምቀዋል፤ በዚህ ዓይነት ሕመም ጨርሶ ቢቀር ይሻላል።

ስግደትም በዚሁ መንገድ ይታያል። የሙስሊሙ ሩኩዕ ጉልበትን ዘርግቶ ማጎንበስ በመሆኑ ጡንቻውን ከሁለቱም ጫፍ ይወጥረዋል፤ የክርስቲያኑ ስግደትም እንዲሁ። ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው ቅለት ስላላቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተቀምጦ ወይም ጉልበትን አጥፎ መስገድን የሃይማኖት አባትን ጠይቆ መፈጸም ይቻላል። መቀመጫ አጥንቱን የሚያመው ሰው ደግሞ ቡና ላይም ሆነ በርጫ ላይ ረጅም ሰዓት አለመቀመጥ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተነስቶ መንጎራደድ አለበት።

ወደ ብስክሌት መመለስ

ሳያነክሱ ግማሽ ሰዓት በፍጥነት መራመድና ደረጃ መውጣት ሲችሉ ብስክሌቱን ማውጣት ይቻላል። መጀመሪያ ግን ብስክሌቱን ያስተካክሉ። ግድግዳ ተደግፈው ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ታች ባለው ፔዳል ላይ ያሳርፉ፤ ጉልበትዎ ልክ የሚዘረጋ ከሆነ ከፍታው ጥሩ ነው። በተለመደው የእግር አቀማመጥ ሲረግጡ ጉልበትዎ በትንሹ እንደታጠፈ ይቀራል። ፔዳሉን ለመድረስ ዳሌዎ ግራና ቀኝ የሚዋልል ከሆነ ኮርቻው ከፍ ብሏል። በማገገሚያ ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ሚሊ ሜትር ዝቅ ማድረግ፣ መሪውንም ከፍ ማድረግ ጭኑን ያሳርፋል። ፔዳል ላይ እግር የሚያስር ቀበቶ ወይም የሚቆለፍ ጫማ ካለዎት ለጊዜው ይተዉት፤ ፔዳልን ወደላይ መሳብ የዚህ ጡንቻ ሥራ ነውና።

ማርሹ ይቅለል፣ እግሩ ይፍጠን። የአንድ ጉልበትዎን ዙር ለ15 ሰከንድ ይቁጠሩ፤ ሃያ ከደረሰ በደቂቃ 80 ማለት ነው፣ ጥሩ ልክ ነው። ማርሽ የሌለው ከባድ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ይህን ሜዳ ላይ እንጂ ዳገት ላይ ማግኘት ስለማይችል ሜዳው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ይኖርበታል።

ኮምቦልቻ ለዚህ የታደለች ከተማ ናት፤ የቦርከና ሜዳ ለጥ ያለ ነው፣ ዳገቱም ሩቅ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ አንድ ቀን እየዘለሉ፣ ሜዳ ላይ ብቻ ይንዱ። የጠዋቱ ሰዓት ይመረጣል፤ ሙቀቱም መኪናውም ገና ነው። ቀጥሎ ጊዜውን እስከ 45 ደቂቃ ያርዝሙ። ጊዜንና ኃይልን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱንም አይጨምሩ።

ወደ ሃርቡ መስመር ሲወጡ ግን አንድ ነገር ያስቡ። የቦርከና ወንዝ ከኮምቦልቻ ወደ ሃርቡ የሚፈሰው አገሩ ወደዚያ ስለሚያዘቀዝቅ ነው፤ ሃርቡ ከኮምቦልቻ ዝቅ ያለችና የሞቀች ናት። ሲሄዱ እግሩ ደህና ይመስላል፤ ዳገቱ የሚመጣው ደክሞ ሲመለሱ፣ ያውም በፀሐይ ነው። ስለዚህ በሄዱበት ርቀት አይታለሉ፤ አጭር ሄደው ይመለሱ፣ ከባሰም ብስክሌቱን ሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ አስጭኖ መመለስ ነውር የለውም።

ከዚያ በኋላ የሐረጎ እግር ይመጣል። ኮርቻ ላይ እንደተቀመጡ፣ በቀላል ማርሽ አምስት ደቂቃ ወጥተው ይመለሱ። በማግሥቱ ጭኑ ዝም ካለ በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ሦስቴ ይደጋግሙት፤ ከዚያ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ከፍ ያለ። ከኮርቻ ተነስቶ መርገጥ የመጨረሻው ነው።

ሐረጎ መቼ?

ሐረጎን በሙሉ መውጣት የሚፈቀደው አራት ፈተና ሲታለፍ ነው። የተጎዳው ቦታ በጣት ሲጫኑት ማመም የለበትም። በጀርባ ተኝተው የተዘረጋ እግር ሲያነሡ ሁለቱም እግሮች እኩል ከፍታ መድረስ አለባቸው፣ ያለ ፍርሃትም። አንዱን ተረከዝ ወንበር ላይ አድርገው መቀመጫን ሲያነሡ የተጎዳው እግር ከጤነኛው እኩል ጊዜ፣ ወይም ለጥቂት ጊዜ ብቻ ያነሰ መሥራት አለበት። በመጨረሻም ሜዳ ላይ አንድ ሰዓት፣ በመሀሉ አጫጭር ኃይለኛ ርግጫዎች ያሉበት ጉዞ፣ በዕለቱም በማግሥቱም ሕመም ሳያመጣ ማለፍ አለበት።

ፈተናውን ጥብቅ ያደረገው ዳገቱ ብቻ አይደለም። መንገዱ ወደ ሰሜን የሚሄደው ዋና መንገድ በመሆኑ አይሱዙና ተሳቢ መኪና አይጠፋበትም። በድንገት ወደ ዳር መውጣት፣ ቶሎ መውረድ ወይም በአንድ ጊዜ ተስፈንጥሮ ማለፍ ሲያስፈልግ ጭኑ እሺ ማለት አለበት። ቁልቁለቱም የራሱ ጣጣ አለው። ላብ ያጠመቀው ሰው በደሴ ብርድ ቆይቶ ሲመለስ ጡንቻው ይቀዘቅዛል፤ እንደገና ከመውረዱ በፊት ጃኬት መደረብና አምስት ደቂቃ በእርጋታ መርገጥ ያስፈልጋል። ሲወርዱም ፔዳሉን አግድም ይዞ ከኮርቻ በትንሹ መነሣት ጭኑን ለረጅም ደቂቃዎች አግቶ ስለሚይዘው፣ እግር እየለዋወጡ መውረድ ይሻላል።

ከዳነ በኋላ

የዚህን ጡንቻ ጉዳት ከሚጠሩ ምክንያቶች ሁሉ የበረታው ቀድሞ መጎዳት ነው። ስለዚህ ጀሪካኑን አያስቀምጡት፤ እንቅስቃሴዎቹን በሳምንት ሁለት ጊዜ ይቀጥሉ። ቅዳሜ ኳስ መጫወት የሚወዱ ከሆነ አንድ ተጨማሪ አለ። ምንጣፍ ላይ ተንበርክከው ሌላ ሰው ቁርጭምጭሚትዎን ይያዝልዎ፤ ሰውነትዎን ቀጥ አድርገው በተቻለ መጠን ቀስ ብለው ወደፊት ይውደቁ፣ በእጅዎ ይቀበሉ። በእግር ኳስና በሌሎች ስፖርቶች የተሠሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ይህ እንቅስቃሴ ያለበት ልምምድ የጭን ጀርባ ጉዳትን በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ከባድ ስለሆነ በሳምንት አንድ ቀን፣ በአምስት ጊዜ ይጀምሩ።

ጡንቻ የሚጠገነው በምግብና በእንቅልፍ ነው። እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ለሚበላ ቀላል ነው፤ በጾም ወቅት ደግሞ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ለውዝ በየማዕዱ ይኑሩ። በረመዳን ማገገሚያውን ከኢፍጧር በኋላ መሥራት ከቀን ይልቅ ይመረጣል፤ ሰውነቱ ውሃም ምግብም አግኝቷልና።

ሕመሙ ተመልሶ ከመጣ ሁሉም ከንቱ ቀረ ማለት አይደለም። ባለፉት ሁለት ሳምንታት የጨመሩትን ነገር ይፈልጉ፤ ርቀት ነው፣ ዳገት ነው፣ ወይስ ያለ ዝግጅት የተጫወቱት ኳስ? እሱን ብቻ ቀንሰው አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው ይቀጥሉ። በዚህ መንገድ ስድስት ሳምንት ሠርቶ ለውጥ ያላየ ሰው፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ያለበት ሰው ግን በራሱ መንገድ መቀጠል የለበትም፤ ምርመራው እንደ አዲስ ሊጀመርለት ይገባል።